ጥያቄና መልስ፦ ሦስት በረኛ፣ አንድ መረብ

ስለ ኮሌጅ አይስ ሆኪ በረኞች ከጻፍኩ ወዲህ መልእክት አልቆመም። አብዛኛው ከዚሁ ከሚኒሶታ ነው። ለማታውቁኝ፦ ልጅ ሆኜ አዲስ አበባ የሰፈር በረኛ ነበርኩ። በረዶ የማውቀው ክረምት ላይ ቆርቆሮ ሲደበድብ ነው። እዚህ መጥቼ ልጄን ልምምድ ሳመላልስ ገባሁበት፤ ይኸው በአንድ ትንሽ ኮሌጅ በረኞችን ማሠልጠን ከጀመርኩ ዘጠነኛ ክረምቴ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን ያዙልኝ።

ፓኩን፣ ያን እንደ ኳስ የሚመቱትን ጠፍጣፋ ጎማ፣ ከጨዋታ በፊት ፍሪጅ ውስጥ ያስገቡታል የሚባለው እውነት ነው ወይስ ቀልድ?

እውነት ነው። የሞቀ ጎማ ይነጥራል፣ የቀዘቀዘ ጎማ ተንሸራቶ ይሄዳል።

አንድ አባት ተናደው ጽፈዋል። ልጃቸው 30 ሙከራ መጥቶበት 27 አዳነ፤ አሰልጣኙ ግን ፊቱን አጨፈገገ። «90 ከመቶ እኮ ነው፣ ትምህርት ቤት ቢሆን ኤ ነበር!»

ትምህርት ቤት አይደለማ! 27 ካዳነ 0.900 ይባላል። 28 ቢያድን 0.933 ይሆን ነበር። ልዩነቱ አንዲት ፓክ ናት። ኮሌጅ ውስጥ ወቅቱን ሙሉ ከ0.920 በላይ ይዞ የጨረሰ በረኛ ጥሩ ወቅት አሳለፈ ይባላል። ግን በአንድ ጨዋታ ቁጥር ማንንም አልለካም። ሦስቱ ጎሎች ከየት ተመቱ? ፊቱ ተከልሎ ነበር? ተመልሶ የመጣው ፓክ ላይ ተከላካዮቹ የት ነበሩ? አሰልጣኙ ፊቱን ያጨፈገገው በተከላካዮቹም ሊሆን ይችላል። ብቻ እባክዎ፣ ቁጥሩን መኪና ውስጥ አያንሱበት። ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ ለልጁ ከጨዋታው በላይ ይረዝማል።

አንድ ተማሪ፦ «በኮሌጃችን ቡድን በረኞቹን እንዳግዝ ጠየቁኝ። እኔ አጥቂ ነበርኩ። በረኛ ሆኜ አላውቅም። እምቢ ልበል?»

እምቢ አትበል። ግን መጀመሪያ የምታያቸውን ነገሮች ልንገርህ።

ጎሉ 6 ጫማ ስፋት፣ 4 ጫማ ቁመት አለው። በሜትር 1.83 በ1.22 መሆኑ ነው። ከእግር ኳስ ጎል አንጻር የመስኮት ያህል ናት፤ ይሁንና ፓክ በሰዓት ከ130 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረ ይመጣባታል። ስለዚህ ሥራው ከእጅ ፍጥነት ይልቅ የት ቆሞ መጠበቅ የሚለው ነው። በእግር ኳስ አጥቂ ብቻውን ሲመጣ በረኛው ለምን ከመስመሩ ይወጣል? አንግል ለመዝጋት ነው። እዚህም ያው ነው፤ በግማሽ ሜትር የሚሠራ መሆኑ ብቻ ይለያል። በረኛህ ሲቆም አንተ ከመቺው ጀርባ ሄደህ ተንበርከክ። መቺው ምን ያህል መረብ እንደሚታየው የምታውቀው ያኔ ነው። አጥቂ መሆንህ እዚህ ላይ ይጠቅምሃል።

ሁለተኛ፣ ልምምዱን ተመልከት። አብዛኛው የቡድን ልምምድ የተሠራው ለመቺዎች ነው። ሦስት ልጅ ተከታትሎ ይመታል፣ በረኛው የመጀመሪያውን ከልክሎ ሳይነሳ ሁለተኛው ይደርሳል። በዚህ ዓይነት በወር ውስጥ መጥፎ ልማድ ይይዛል። ቀድሞ ይወድቃል። የተመለሰውን ፓክ መከተል ይተዋል፣ ምክንያቱም ሌላው መቺ መጥቷል። ዋናውን አሰልጣኝ ሄደህ «ከልምምዱ በፊት 15 ደቂቃ ስጠኝ» በለው። አንደኛ ዲቪዚዮን ላይ፣ ማለትም በኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛው ደረጃ ላይ፣ በውድድር ወቅት የሚፈቀደው ልምምድ በሳምንት 20 ሰዓት ብቻ ነው። ከዚያ ላይ ለበረኛ ተብሎ የሚቆረስለት ምን ያህል እንደሆነ ቁጠርና ታዝናለህ።

ሦስተኛ፣ አፍህን ያዝ። ጎል ከገባ በኋላ ከወንበር ላይ አትጩህ። ጎሉን ከሁላችን ቀድሞ ያየው እሱ ነው። በማግስቱ ቪዲዮ ክፈትና «ምን አደረግህ?» ሳትል «ምን ታየህ?» በለው። አብዛኛውን ጊዜ የሚመልስልህ አንተ ከጠበቅከው የተለየ ነው። አልታየኝም ካለህ ችግሩ የእግር አይደለም፣ የዓይን ነው፤ እግሩን ማረም ትርፉ ድካም ነው። በሳምንት አንድ ነገር ብቻ አርም። አንድ!

ክፍያ? ሳቅሁ። እስከ 2023 አጋማሽ ድረስ በአንደኛ ዲቪዚዮን ደንብ «በጎ ፈቃደኛ አሰልጣኝ» የሚባል ቦታ ነበር፤ በብዙ ቡድን ያንን ቦታ የሚይዘው የበረኛ አሰልጣኙ ነበር። ጨዋታውን የሚወስነውን ልጅ የሚያሠለጥነው ሰው ደሞዝ የለውም ማለት ነው። አሁን ቦታው ተሰርዟል፣ መክፈልም ይቻላል። እኔ ያለሁበት ትንሽ ኮሌጅ ግን ያው ነው። ፒዛ ከተቆጠረ ተከፍሎኛል።

በረኛ የነበረ ሰው ዋና አሰልጣኝ መሆን ይችላል?

ሮብ ስታውበርን ይጠይቁ። በ1988 ለሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ እየተጫወተ የዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ሆኪ ተጫዋች የሚያገኘውን የሆቢ ቤከር ሽልማት የወሰደ የመጀመሪያው በረኛ ነው። በ2018 የፒዮንግቻንግ ኦሎምፒክ ደግሞ የአሜሪካን ሴቶች ቡድን በዋና አሰልጣኝነት ይዞ ወርቅ ወሰደ። የመጨረሻዋን መለያ ምት ያዳነችው ማዲ ሩኒ የ20 ዓመት የኮሌጅ ተማሪ ነበረች።

«ልጄ የኮሌጅ በረኛ ናት። ከጨዋታ በፊት ታስመልሳለች። አሰልጣኟ 'ኖርማል ነው' አለችኝ። እንዴት ኖርማል ይሆናል?»

አሰልጣኟ ከመሬት ተነስታ አላለችም። ግሌን ሆል የሚባል ታላቅ በረኛ ከጨዋታ በፊት በማስመለስ የታወቀ ነበር። ይሄው ሰውዬ 502 ጨዋታ ሳያቋርጥ ተጫውቷል፣ ያውም ያለ ማስክ። ግን ሆል ማስመለሱ ለልጅዎ መድኃኒት አይሆናትም። ጭንቀቱ ጨዋታው ሲጀመር የሚለቃት ከሆነ፣ ከዚያም በልታ የምትተኛ ከሆነ አብራው ልትኖር ትችላለች። ጨዋታ በሌለበት ማክሰኞም ረቡዕም ካስመለሰች፣ ከከሳች፣ እንቅልፍ ካጣች ግን ጉዳዩ የእኔም የአሰልጣኟም አይደለም። ኮሌጁ አማካሪ አለው፤ ሐኪምም አለ። በዚህ ሳምንት ትሂድ። «ጸሎት ይበቃታል» ያሉዎት ዘመድ ቅር አይበላቸው፤ ሁለቱም ይደረግ።

ስኮላርሺፕ ለበረኛ ስንት ነው?

እንደ ኮሌጁ ነው። ሦስተኛ ዲቪዚዮንና አይቪ ሊግ (እነ ሃርቫርድ ያሉበት የስምንት ዩኒቨርሲቲዎች ሊግ) በስፖርት ስም ገንዘብ አይሰጡም። የቀረውን የኮሌጁን የስፖርት ክፍል ይጠይቁ።

የ15 ዓመት ልጅ አባት፦ «ጉልበቱን ገጥሞ መውደቅ፣ ያ ቢራቢሮ የሚሉት፣ ዳሌውን ያመዋል። በርታ፣ ይለቅሃል እያልኩት ነው።»

አይበሉት! ቢራቢሮ ማለት ሁለቱን ጉልበት በረዶው ላይ ጥሎ እግርን ወደ ጎንና ወደ ጎን መዘርጋት ነው። ዳሌን ወደ ውስጥ ያጣምማል። ይህን በየልምምዱ ደጋግሞ የሚሠራ ልጅ የዳሌው መገጣጠሚያ ላይ አጥንት ከአጥንት ሊጋጭበት ይችላል፤ በበረኞች ላይ የታወቀ ጉዳት ነው። ብሽሽቱን የሚያመው ከሆነ፣ መኪና ውስጥ ሲቀመጥ የሚያመው ከሆነ፣ ሲራመድ የሚያነክስ ከሆነ ልምምዱን ዛሬ ያቁም። የስፖርት ሐኪም ይይው። ወጌሻ አይሆንም፣ ቪዲዮ አይቶ ማሳጅም አይሆንም። ለኮሌጅ ያሰቡት ልጅ ኮሌጅ ሲደርስ ዳሌው አብሮት መድረስ አለበት። ሐኪሙ ምን እንዳለ መልሰው ይጻፉልኝ፤ እጠብቃለሁ።

አንዲት እናት ከሴንት ፖል ረዥም ደብዳቤ ጽፈውልኛል። ልጃቸው ሁለተኛ ዓመት ነው፣ የቡድኑ ሦስተኛ በረኛ ነው። አንድ ደቂቃ አልተጫወተም። ሌሊት 11 ሰዓት ይነሳል፣ ማታ ደክሞት ይገባል። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ «ልጅሽን መቼ ነው በቲቪ የምናየው?» ይሏቸዋል። ኮሌጅ ይቀይር? ወይስ በቆዳው ነው?

እህቴ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

መጀመሪያ የቆዳውን ነገር። ከዚህ ሆኜ «ነው» ወይም «አይደለም» ብል እዋሻለሁ። ግራንት ፉር ጥቁር በረኛ ነበር፤ የሰሜን አሜሪካን የሆኪ ሊግ ዋንጫ፣ ስታንሊ ካፕን፣ አምስት ጊዜ አንስቷል፣ በ2003 የሆኪው የክብር መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ይህ ማለት ግን መንገዱ ለሁሉም ተጠርጓል ማለት አይደለም። ልጅዎ የተሰደበው ወይም የተባለው ነገር ካለ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ማን እንዳለው ይጻፍ፤ ለስፖርት ክፍሉም በጽሑፍ ያስገባ። ምንም ካልተባለ ደግሞ የቦታውን ጠባይ እንይ።

አጥቂዎች በየደቂቃው እየተቀያየሩ ይገባሉ። አራተኛው መስመር፣ መጨረሻ ተራ የሚደርሰው የአጥቂ ቡድን፣ እንኳ በረዶ ይነካል። በረኛ ግን 60 ደቂቃውን ይቆማል። ጨዋታ ዓርብና ቅዳሜ ነው። አንደኛው ሁለቱንም ከተጫወተ ሁለተኛው ወንበር ያሞቃል፣ ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ተራ አይደርሰውም። ልምምድ ላይ ደግሞ ቀድሞ የሚገባውም መጨረሻ የሚወጣውም እሱ ነው። ከጉዳት የተመለሰ አጥቂ ሲመታ የሚቆምለት እሱ ነው። ዋናው አሰልጣኝ ከአንደኛው ጋር ያወራል። ሦስተኛውን ማን ያወራዋል?

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልንገርዎ። ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን አንድ ሦስተኛ በረኛ ነበረኝ። ወርቅ ልጅ። በየቀኑ «ጎበዝ፣ በርታ» እለው ነበር። ደግ የሆንኩለት መስሎኝ። ወቅቱ ሲያልቅ ፓዱን፣ የእግር መከላከያውን፣ ሊመልስ መጣና «አንድ ነገር ልበልህ? ዓመቱን ሙሉ አንድም ቀን አርመኸኝ አታውቅም» አለኝ። ክው አልኩ። እውነቱን ነው። አንደኛውን በየቀኑ እጨቀጭቀው ነበር። እሱን አመሰግነው ነበር። ማመስገኔ ረስቼው ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ሦስተኛው የራሱ እቅድ አለው። የልምምድ ቪዲዮውን አብረን እናያለን። መስከረም ላይ የት እንዳለ እነግረዋለሁ፣ ጥር ላይ እደግመዋለሁ፤ የማያስደስት ቢሆንም። «ተራህ ይመጣል» አልልም። ላይመጣ ይችላላ።

አንዳንዴ ይመጣል። ኬን ድራይደን ከ1966 እስከ 1969 ለኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሲጫወት 76 አሸንፎ 4 ብቻ ተሸነፈ፣ አንድ አቻ። እንዲህ ካለ በረኛ ጀርባ መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ ያስቡት። ብራያን ክሮፐር ተቀመጠ። ድራይደን ተመርቆ ሲሄድ መረቡን ተረከበና በ1970 ኮርኔል 29 ተጫውቶ 29ኙንም አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። አንድም ጨዋታ ሳይሸነፉ ወቅቱን መጨረስ ድራይደንም ያላደረገው ነው። ግን ልጅዎ ክሮፐር ይሆናል አላልኩም። ከጠበቁት ውስጥ የሚበዙት ሳይጫወቱ ይመረቃሉ።

ስለዚህ አሰልጣኙ ጋ አይደውሉ። አደራ! ልጁን ቡና አፍልተው ያስቀምጡትና ሦስት ነገር ይጠይቁት። የበረኛ አሰልጣኝህ መጨረሻ ያረመህ መቼ ነው? እስከ ገና ድረስ ምን ማሻሻል እንዳለብህ ታውቃለህ? ሆኪው ነገ ቢቀር እዚህ ኮሌጅ ትቆያለህ? ለሁለቱ መልስ ካጣ፣ ራሱ ሄዶ ቀጠሮ ይያዝና አሰልጣኙን ፊት ለፊት ይጠይቅ። 20 ዓመቱ ነው፣ አፍ አለው። ሦስተኛውን «አዎ፣ እቆያለሁ» ካለ እኔ ብሆን አላስነሳውም።

መቀየር ዛሬ ቀላል ነው፤ ከ2024 ወዲህ ስንት ጊዜ ቀየርክ የሚል ገደብ የለም። ግን ከነሐሴ 2025 ጀምሮ የካናዳ ሜጀር ጁኒየር ሊጎች (ከፍተኛዎቹ የወጣቶች ሊጎች) ልጆችም ኮሌጅ እንዲጫወቱ ተፈቅዷል። መረቡ አልጨመረም፣ ሰልፉ ግን ረዝሟል። ከመውጣቱ በፊት የሚቀበለው ቦታ መኖሩን፣ ክሬዲቱም መቆጠሩን ያረጋግጥ። ይህን የኮሌጁ የደንብ ጉዳይ ቢሮ እንጂ እኔ አልፈርምለትም።

ቤተ ክርስቲያን ለሚጠይቁዎትም «ሁለተኛ ዓመት ኮሌጅ ነው» ይበሏቸው። ውሸት የለበትም።

ሀበሻ ከበረዶ ጋር ምን አለው? እግር ኳስ አይሻልም?

ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቶሪኖ ላይ በበረዶ ሸርተቴ ኢትዮጵያን ወክሏል። ቀጣይ ጥያቄ።

የአንገት መከላከያ ለበረኛ ግዴታ ነው? ማስኩ ስር የሚንጠለጠል ፕላስቲክ አለው እኮ።

ፕላስቲኩ ለፓክ ነው፣ ለስለት አይደለም። የጫማው ስር ቢላዋ መሆኑን አንርሳ። አዳም ጆንሰን፣ እዚሁ ሚኒሶታ ዱሉት ኮሌጅ የተጫወተ ልጅ፣ በጥቅምት 2023 እንግሊዝ ውስጥ አንገቱን ተቆርጦ ሞተ። ከነሐሴ 2024 ጀምሮ የአሜሪካ ሆኪ ማኅበር ለታዳጊዎች ግዴታ አድርጎታል። ኮሌጅ የገባም ልጅ ቢሆን ያድርግ። ይሞቀኛል ካለ ይሙቀው።

የበረኛ ጓንት ሽታ እንዴት ይጠፋል? ባለቤቴ ከቤት ልታስወጣኝ ነው።

አይጠፋም፣ ይቀንሳል። ከልምምድ እንደመጣህ ከቦርሳው አውጣው፣ አፉን ከፍተህ ነፋስ ያለበት ስቀለው። ማድረቂያ ማሽን ውስጥ አታስገባው፣ ይበላሻል። መኪና ውስጥም አታሳድረው። የኔ ጋራዥ ነው የሚያድረው፤ እኔም ሁለት ጊዜ አብሬው አድሬያለሁ።