ልጆቻችሁን ከቤት አውጧቸው

ሜሪላንድ ከገባሁ 22 ዓመት ሆነኝ። ሦስት ልጆች አሳድጌያለሁ። ብዙ ተሳስቼ ብዙ ተምሬያለሁ፤ ዛሬ ግን አንዱን ብቻ ላንሳ። የመጀመሪያ ልጄን አፓርታማ ውስጥ ዘግቼ ነው ያሳደግኩት።

አባቱ ሌሊት ታክሲ ይነዳል፣ እኔ ቀን እሠራለሁ። ውጭው ይበርዳል፣ ሰፈሩንም አላውቀውም። ስለዚህ ቴሌቪዥን እንከፍትለታለን፤ ልጁ ዝም ይላል፣ እኛም እፎይ እንላለን። ስምንት ዓመት ሲሆነው እንቅልፍ እምቢ አለው። በትንሽ በትልቁ ይነጫነጫል፣ ያለቅሳል። ሐኪሙ መርምሮት ምንም አላገኘም። ብቻ «ከትምህርት ቤት ሲመለስ የት ነው የሚጫወተው?» ብሎ ጠየቀኝ። የምመልሰው አጣሁ።

እኔ እኮ ሜዳ ላይ ያደግኩ ሰው ነኝ! ጎርፍ ስንገድብ፣ ጭቃ ስናቦካ፣ አጋምና ቀጋ ስንለቅም ውለን እናታችን የምትጠራን ሲመሽ ነበር።

ያን ሰሞን ሮክ ክሪክ ፓርክ መሄድ ጀመርን። ሜሪላንድ ካለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ቅርብ ነው። ዋሽንግተን ከተማ ውስጥ ከ1890 ጀምሮ ተጠብቆ የኖረ፣ ከ1,700 ኤከር በላይ የሆነ ደን ነው፤ መግቢያ አይከፈልበትም። ስንቶቻችን በአጠገቡ ወደ ሥራ እየተመላለስን አንድ ቀን ወርደንበት አናውቅም።

የመጀመሪያው ቀን ልጄን ሰለቸው። «አሁን ምን እናድርግ?» ይለኛል በየደቂቃው። ምንም አልኩት። በሁለተኛው ሳምንት ውሃው ውስጥ ድንጋይ ሲወረውር ዋለ። በሦስተኛው አጋዘን አየና ትንፋሹን ውጦ ቆመ። ያን ማታ ሳይነጫነጭ ተኛ። አንድ ቀን ነው ብዬ ነበር፤ ግን እየቆየ እንቅልፉ ተስተካከለ።

አጥብቄ የምመክራችሁ ነገር፣ ወደ አንድ ቦታ ተመላለሱ። ብዙ ወላጅ በየጊዜው አዲስ ቦታ ካልተገኘ ልጅ ይሰለቸዋል ይላል። እኔ ያየሁት ተቃራኒውን ነው። ልጆቻችን እዚህ የአያት ቤት፣ የአያት ጓሮ የላቸውም። ቤት በተከራየን ቁጥር ሰፈር ይቀየርባቸዋል። አንድን ዛፍ ቅጠሉ ሲረግፍም፣ በረዶ ሲሸከምም፣ ተመልሶ ሲያቆጠቁጥም ያየ ልጅ ግን የኔ የሚለው ነገር ያገኛል። ልጄ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ነው። ለዕረፍት ሲመጣ «እማ፣ ዛፌ ጋ ነኝ» ብሎ ቴክስት ያደርግልኛል።

ጥናቱም አለ። በ2009 የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ትኩረት የመሰብሰብ ችግር ያለባቸውን ልጆች ለ20 ደቂቃ በእግር አንሸራሸሯቸው። በፓርክ ውስጥ ከሄዱ በኋላ ትኩረታቸው በከተማ መሐል ወይም በመኖሪያ ሰፈር ከሄዱበት ጊዜ የተሻለ ሆነ። ልጆቹ 17 ብቻ ነበሩ፤ ትንሽ ጥናት ነው። በ2019 የወጣው የዴንማርክ ጥናት ግን ከ900,000 በላይ ሰዎችን ተመልክቷል። አረንጓዴ በሌለበት አካባቢ ያደጉት፣ ካደጉ በኋላ ለአእምሮ ሕመም የመጋለጥ ዕድላቸው እስከ 55 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ምክንያቱ የዛፍ እጦት ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ግን ለእናት ችላ የሚባል ነገር አይደለም።

ከአገር ቤት እናት ወይም አባት መጥተውላችሁ ከሆነ ይዛችኋቸው ሂዱ። ልጅ ለመጠበቅ መጥተው አራት ግድግዳ ሲያዩ ይውላሉ፤ ያሳዝኑኛል። እናቴ እዚያ ጫካ ውስጥ ሳማ አግኝታ ደስታዋ ሌላ ነበር። ለልጅ ልጇ እንዴት እንደሚለበልብ አሳየችው። ሳማ፣ ጉንዳን፣ ኤሊ፣ ግንድ፣ ሥር... ቤት ውስጥ በደብተር ስለፋበት የነበረውን አማርኛ ከእሷ ጋር እየሄደ ለቀመው።

ጊዜ የለንም እንዳትሉኝ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ልጆቹ ለባብሰው መኪና ውስጥ ናቸው። ዳቦና አንድ ፔርሙዝ ሻይ ያዙ፣ አንድ ሰዓት ይበቃል። ብርድ ይመታዋል የሚለውን ፍርሃት አውቀዋለሁ። ጉንፋን የሚያመጣው ግን ቫይረስ ነው፤ የሚዛመተውም ቤት ውስጥ ተፋፍገን ስንቀመጥ ነው። ወፍራም ካልሲና ውሃ የማያስገባ ጫማ ግዙ፤ ልጅ ቶሎ ስለሚያድግ ያገለገለ ቢሆንም ችግር የለውም። ልብሱ ጨቀየ ብላችሁ አትቆጡት።

ሮክ ክሪክ ውሃው ጀርም ስላለበት መግባት ክልክል ነው፤ ከዳር ሆነው ይጫወቱ። ግሬት ፎልስ የሚባለው ፏፏቴ ጋ ከሄዳችሁ ደግሞ ከፖቶማክ ወንዝ ራቁ። ላዩ ጸጥ ያለ ቢመስልም ሰው ይወስዳል። ቤት ስትገቡ መዥገር ፈልጉ፤ እዚህ አካባቢ ላይም የሚባል በሽታ ያስተላልፋል። ብብት፣ ከጉልበት ጀርባ፣ ከጆሮ ኋላ፣ ሴት ልጅ ከሆነች ሹሩባዋ መሐል እዩ። ካገኛችሁ በወረንጦ ቆዳው አጠገብ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት።

አራተኛ ክፍል የሚማር ልጅ ካላችሁ ደግሞ «ኤቭሪ ኪድ አውትዶርስ» የሚባለውን ነጻ ማለፊያ ከኢንተርኔት አውጡለት። እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ እሱና አብረውት መኪና ውስጥ ያሉት ብሔራዊ ፓርኮች በነጻ ይገባሉ፤ ሼናንዶዋም አለበት። የኔ ሁለት ልጆች ሳላውቀው አልፏቸዋል፤ በትንሿ ነው የደረስኩበት።