ልጃችን የማደጎ መሆኗን ብንነግራት ትወሰድብናለች?

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር ከተማ የጣና ክፍለ ከተማ ነዋሪ ነኝ። እኔና ባለቤቴ ልጅ ስላልወለድን አንዲት ሴት ልጅ ከስምንት ወሯ ጀምሮ በጉዲፈቻ አሳድገናል። ውሉን ፍርድ ቤት አጽድቆልናል። ልጃችን አሁን 15 ዓመቷ ነው፣ ዘጠነኛ ክፍል ናት። የማደጎ መሆኗን አታውቅም። ወላጅ እናቷ የደቅ ደሴት ሰው ስትሆን ለባለቤቴ በሩቅ ትዛመደዋለች። ያስረገዛት ሰው ልጄ ናት ብሎ አልቀረበም። በኋላ ሌላ ሰው አግብታ ሁለት ወንዶች ልጆች ወልዳለች። ባለፈው ጥምቀት ወደ ከተማ መጥታ ልጅቷን ከሩቅ አየቻት። ከዚያ ወዲህ «እናቷ ማን እንደሆነች ትወቅ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም» ትላለች። ባለቤቴ «ልቧ ይሰበራል፣ ደግሞም ይወስዷታል» ብሎ ፈርቷል። ወንድሙ በበኩሉ «ነገሩ ይፋ ከወጣ የማደጎ ልጅ ቤት አትወርስም» ይለናል። መንገር ግዴታችን ነው? ብንነግራትስ የምናጣው ነገር አለ?

መልስ፦ እኅቴ፣ መጀመሪያ የባለቤትዎን ፍርሃት ላንሳ። ልጅቷን ማንም አይወስድባችሁም። ፍርድ ቤት ያጸደቀው ጉዲፈቻ እንደ ተዋሱት ዕቃ «መልሱልኝ» የሚባልበት አይደለም። በክልላችን የሚሠራው የክልሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። በዋና ዋና ነጥቦቹ ከፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ጋር አንድ ነው። የፌዴራሉ በብዙ ሰው እጅ ስለሚገኝ የአንቀጽ ቁጥር የምጠቅስላችሁ ከእሱ ነው። አንቀጽ 195 ጉዲፈቻ እንደማይፈርስ ይደነግጋል። የሚፈርሰው አሳዳጊው ልጁን እንደ ልጁ መንከባከቡን ትቶ እንደ ባሪያ ከያዘው፣ ለመጥፎ ተግባር ካዋለው ወይም የወደፊት ሕይወቱን በሚጎዳ ሁኔታ ካኖረው ነው። እውነቱን ለልጅ መንገር ከእነዚህ ውስጥ የለም። ወላጅ እናት ሐሳቧን ቀይራ «መለስኩ» ብትል እንኳ በቂ ምክንያት አይሆንም።

አንድ የሰበር ውሳኔም ልጨምርላችሁ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 አንድ ጉዳይ አይቶ ነበር። ወላጅ አባት ልጁን ካሳደገችው አክስቱ ወስጄ ላሳድግ ብሎ ጠየቀ። ችሎቱ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 እና የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንን ጠቅሶ የልጁን ጥቅም አስቀደመ፤ ልጁም ካሳደገችው ዘንድ ቀረ። ልብ በሉ፣ ያ ልጅ የጉዲፈቻ እንኳ አልነበረም። እናንተ ደግሞ የጸደቀ ውል በእጃችሁ አለ።

የባለቤትዎ ወንድም የሚያነሳው ነገር ብዙ አያስጨንቅም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 836 በውርስ ጊዜ የጉዲፈቻ ልጅን ከሌሎች ልጆች እኩል ያደርገዋል። ልጅ የመጀመሪያ ደረጃ ወራሽ ነው (አንቀጽ 842)። ልጅ እያለ ወንድም ወራሽ አይሆንም። ምሥጢሩ ወጣ አልወጣ በዚህ ላይ የሚለውጠው ነገር የለም፤ ልጅነቷን የፈጠረው የፍርድ ቤቱ ውሳኔ እንጂ የሰፈሩ ዝምታ አይደለም። አንድ የማጣራው ነገር ግን አለ። የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 182 የአሳዳጊው ወላጆችና የጎን ዘመዶች ጉዲፈቻውን በግልጽ ከተቃወሙ በእነሱ ላይ ውጤት እንደማይኖረው ይናገራል። ይህ የሚሠራው ተቃውሞው ጉዲፈቻው በጸደቀ በአንድ ዓመት ውስጥ በፍርድ ቤት መዝገብ ሲገባ ብቻ ነው። ወንድሙ ያኔ መዝግቦ ከሆነ ልጅቷ እሱን አጎቴ ብላ ልትወርሰው አትችልም። የእናንተን ውርስ ግን ያኔም ቢሆን አይነካባትም። ካልመዘገበ ደግሞ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ።

በቤተሰብ ሕጋችን ውስጥ «ልጁ ይህን ያህል ዓመት ሲሞላው የማደጎ መሆኑን ንገሩት» የሚል አንቀጽ የለም። ባትነግሯት የሚቀጣችሁም የለም። እዚህ ላይ ብቆም ግን ግማሹን ሕግ ብቻ ነው የነገርኳችሁ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ንዑስ አንቀጽ 1(ሐ) ማንኛውም ሕፃን ወላጆቹን ወይም በሕግ የማሳደግ መብት ያላቸውን ሰዎች የማወቅ መብት አለው ይላል። «ወይም» የምትለውን ቃል ይዘው «አሳዳጊዎቹን ካወቀ በቂ ነው» የሚሉ ባለሙያዎች ገጥመውኛል። እኔ አልስማማም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 13 የመብት ድንጋጌዎች ኢትዮጵያ ከተቀበለቻቸው ዓለም አቀፍ ሰነዶች ጋር ተጣጥመው እንዲተረጎሙ ያዛል። የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 7 ደግሞ ልጅ በተቻለ መጠን ወላጆቹን የማወቅ መብት እንዳለው በግልጽ አስቀምጧል። በእናንተ ጉዳይ «በተቻለ መጠን» የሚለው አያከራክርም። እናትየው በሕይወት አለች። ስሟ ይታወቃል፣ አገሯ ይታወቃል። ትወቀኝ ብላ የጠየቀችውም እሷው ናት።

የራሱ የጉዲፈቻ ሕጉ አሠራርም ወደዚሁ ይመራል። አንቀጽ 183 የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና እንደማይቋረጥ ይደነግጋል። ሁለቱ ቤተሰቦች የሚጋጩበት ነገር ከመጣ አሳዳጊው ቤተሰብ ይቀድማል። ሕጉ ለልጅቷ ሁለት ቤት ሰጥቷታል፤ አንዱን ብቻ እንድታውቅ ማድረግ የሕጉ ሐሳብ አልነበረም። ስለዚህ አቋሜ ግልጽ ነው። ማንነቷን ማወቅ የልጅቷ መብት ነው፤ እናንተ እስክትደርስ ድረስ ብትጠብቁላትም የእሷ ነው። አሁን ደርሳለች።

በዚህ ጉዳይ ዝም የማልለው በሥራዬ ያየሁት ነገር ስላለ ነው። ባለጉዳዩ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ። አንድ ወጣት አባቱ ሞቶበት የወራሽነት ማረጋገጫ ሊያወጣ መጣ። ቀላል ጉዳይ ነበር። ጎረቤት የሆኑ አንድ አዛውንት ምስክር አድርጎ አቀረበ። ዳኛዋ «አመልካች ለሟች ምናቸው ነው?» ብለው ጠየቁ። አዛውንቱ ቅን ሰው ናቸው፤ ምለዋልና እውነቱን ተናገሩ። «ያሳደገው ልጁ ነው። የወለደውስ ሌላ ነው» አሉ። ልጁ ከጎኔ ቆሞ ነበር። እጁ ላይ ያለውን የቀበሌ ወረቀት አጣጥፎ፣ ደግሞ ዘርግቶ፣ ደግሞ አጣጠፈው። ከችሎት ስንወጣ ስለ ቤቱ አንድም ቃል አልጠየቀኝም። «እናቴ ማን ነበረች?» ነው ያለኝ። ያሳደጉት ሁለቱም አልፈዋል። የሚነግረው አልተገኘም። ውርሱን አገኘ፣ በሕግ በኩል የጎደለበት ነገር የለም። ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰለትም።

የእናንተ ልጅ ከዚህ የባሰ ቅርብ አደጋ አለባት። በስምንት ወሯ የመጣችን ልጅ ጎረቤት ያውቃል። ዕድርተኛው ያውቃል። የባለቤትዎ ወንድም ደግሞ እንዳነበብኩት በተናደደ ቀን አፉን የሚሰበስብ ሰው አይመስልም። የምትሰማበት ቀን መምጣቱ አይቀርም። በእናንተ እጅ ያለው ከማን አፍ እንደምትሰማ መምረጥ ብቻ ነው።

ሌላም አለ፣ በአካባቢያችን በቀላሉ የማይታለፍ። ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌ ይላካል፣ ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ልጅቷ ዘሯን የምትቆጥረው በባለቤትዎ በኩል ብቻ ከሆነ የእናቷ ወገን ከቆጠራው ይወጣል። ከደቅ በጀልባ ተሻግሮ ለትምህርትና ለሥራ ባሕር ዳር የሚኖር ወጣት ስንት ነው? ከእነዚያ አንዱ የእናቷ ወንድም ሊሆን ይችላል፤ ነገ ደግሞ የገዛ ወንድሞቿም ያድጋሉ። የቤተሰብ ሕጉ እንደ ባህላችን ሰባት ቤት አይቆጥርም። ከወላጅና ከልጅ ሌላ ወንድምና እኅትን፣ አጎትንና አክስትን ይከለክላል (አንቀጽ 8)። አንቀጽ 10 ደግሞ የሥጋ ዝምድናው በሕግ ባይረጋገጥም በአካባቢው የሚታወቅ ከሆነ ለክልከላው በቂ ነው ይላል። ጉዲፈቻ ይህን ክልከላ አያነሳውም። እንዲህ ያለ ጋብቻ ከተፈጸመ በኋላ ቢታወቅ የሚፈርሰው ትዳር ብቻ አይደለም። የቅርብ ዘመዳሞች ግንኙነት በወንጀል ሕጉም ያስጠይቃል፣ አውቀው ላደረጉት። ሳያውቁ የገቡበትን ሰዎች ሐዘን ግን የትኛውም አንቀጽ አይክሰውም።

ጉዳዩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በሌላ አገር ለመካንነት ሕክምና ሌላ ሰው (ለጋሽ) በሰጠው የወንድ ዘር የተወለዱ ልጆች ይህንኑ ጥያቄ አንስተው መንግሥታት ሕግ ለውጠዋል። ስዊድን በ1985 እ.ኤ.አ. ልጁ ሲደርስ የለጋሹን ማንነት እንዲያውቅ ፈቀደች። በእንግሊዝ ከሚያዝያ 2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተመዘገበ ለጋሽ ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ስሙ ይገለጥለታል። የመካንነት ሕክምና እዚህም እየተስፋፋ ስለሆነ ነገ በዚህ ዓምድ የምመልሰው ጥያቄ ይሄኛው መሆኑ አይቀርም።

እንዴት ትንገሯት? ይህ ከሕግ ይልቅ የእናትና የአባት ሥራ ነው፣ አጭር ልበል። ሁለታችሁ አብራችሁ ሁኑ። ባለቤትዎ ገና እየፈራ እርስዎ ብቻዎን አይንገሯት፤ አባቷ ከነገሩ የሸሸ ከመሰላት የሚጎዳት እሱ ነው። ፈተና ላይ እያለች አይሁን። የትምህርት ቤት እረፍት ይሻላል። እናትየዋ ባለችበት ቀንም አይሁን፣ መጀመሪያ ከእናንተ ጋር አልቅሳ ትጨርስ። የእናቷን ስም ንገሯት። አገሯን ንገሯት። ለምን እንደሰጠቻት የምታውቁትን ያህል ሳትጨምሩ ሳትቀንሱ ንገሯት፣ እናትየዋን ሳታሳንሱ። የፍርድ ቤቱን ውሳኔ አሳዩዋት። ብዙ አሳዳጊዎች ይህን ወረቀት ይደብቁታል። እኔ ግን በዕለቱ ከእጇ ቢገባ እወዳለሁ፤ እንደ ልጃችሁ ልትይዟት ፈልጋችሁ ፍርድ ቤት ድረስ እንደሄዳችሁ የሚናገር ወረቀት ነውና። ብትቆጣ አትደንግጡ። «ለምን እስከ ዛሬ ደበቃችሁኝ?» ብላ ብትጠይቅ «ፈርተን ነው» በሏት። እውነቱ እሱ ነው።

ከእናቷ ጋር መገናኘት ከፈለገች ቀኑን ልጅቷ ትምረጥ። አልፈልግም ካለችም ይከበርላት። እናትየዋ በራሷ ፈቃድ ልጅቷ ትምህርት ቤት ደጃፍ እንዳትሄድ አሁኑኑ ተነጋገሩ። ሽማግሌ የሚሆኑ ሁለት ዘመዶች ባሉበት ቢሆን ጥሩ ነው። ጉዲፈቻው እንደጸና መሆኑን፣ መገናኘቱ በልጅቷ ፍላጎት እንደሚሆን የምትገልጽ አጭር ጽሑፍ ቢፈራረሙባት አይከፋም። እናትየዋን እንደ ጠላት አትዩዋት። በደብዳቤዎ እንደጻፉት የጠየቀችው መታወቅን ብቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት በዚህ ሳምንት የሚያልቅ ሥራ አለ። ጉዲፈቻውን ያጸደቀው ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ዘንድ የመዝገብ ቁጥሩን ይዘው ሄደው የውሳኔውን ግልባጭ በማኅተም ያውጡ። ቁጥሩ ከጠፋ የጸደቀበትን ዓመትና የባለቤትዎን ስም ይዘው ያስፈልጉ። የተቃውሞ ማመልከቻ በመዝገቡ ገብቶ እንደሆነም እዚያው ይጠይቁ። ቀጥሎ ወደ ክፍለ ከተማው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ይሂዱ። ጉዲፈቻ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ከሚመዘገቡት ኩነቶች አንዱ ነው። ልጅቷን እንደወለዳችኋት አድርጋችሁ የልደት ምስክር ወረቀት አውጥታችሁ ከሆነ በራሳችሁ ለማስተካከል አትሞክሩ። ለፍርድ ቤት አመልክታችሁ በትእዛዝ ይታረም። የጠበቃ ክፍያ ከከበዳችሁ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ማመልከቻውን ያዘጋጅላችኋል፤ የውሳኔውን ግልባጭና የልደት ወረቀቱን ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ።