36 ቮልት ሳይክል ላይ 48 ባትሪ ከመሰካትህ በፊት

ወንድሜ፣ 36 ቮልት፣ 350 ዋት የኋላ ሞተር ያለው የኤሌክትሪክ ሳይክልህ የሽሮ ሜዳን ዳገት አልወጣ ብሎህ «48 ቮልት 15 አምፔር ሰዓት ባትሪ ብቻ ብቀይርለት ይበቃል ወይ?» ብለሃል። ሻጩ ደግሞ «ሰክተህ መንዳት ነው» ብሎሃል። እባክህ እንዳትሰካው።

1. 48 የሚባለው ባትሪ ሲሞላ 48 አይደለም። በተርታ የተያያዘ 13 ሴል (ትንንሽ ባትሪ) ነው፤ አንዱ 4.2 ቮልት ሲደርስ ድምሩ 54.6 ቮልት ይሆናል። ያንተ የ10 ሴሉ 42 ላይ ይቆማል። የኮንትሮለርህን (ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚቆጣጠረውን ሳጥን) ክዳን በካቻቪቴ ፈትተህ ትልልቆቹ ክብ ካፓሲተሮች ላይ የተጻፈውን አንብብ። ብዙዎቹ የ36 ኮንትሮለሮች 50 ቮልት የሚል ነው ያለባቸው፤ አንተ የምትፈልገው 63 ነው። 50ው ለጥቂት ቀን ሊሠራ ይችላል፣ ሰው የሚታለለውም እዚህ ላይ ነው። በኋላ ያብጥና ይፈነዳል፣ ሞስፌቶቹንም (ኤሌክትሪኩን የሚከፍቱና የሚዘጉትን ክፍሎች) ይዞ ይሄዳል። የማቋረጫው ነጥብም አይገጥምም፦ የ36 ኮንትሮለር 31 ቮልት አካባቢ ነው የሚያቆመው፣ የ13 ሴል ባትሪ ግን 39 ላይ አልቋል፤ ስለዚህ ኮንትሮለሩ በጊዜ አያቆምለትም።

2. ቮልት የሚጨምርልህ ፍጥነት ነው፤ ዳገት የሚያወጣህ አምፔር ነው። ስለዚህ ኮንትሮለሩ መቀየሩ አይቀርም። ለ350 ዋት ሞተር ከ18 እስከ 20 አምፔር ይበቃል። 30 አምፔር የሚሸጥልህ ሰው ሞተርህን እያቃጠለልህ ነው፤ ሙቀቱ በአምፔሩ ካሬ ስለሚያድግ ከ15 ወደ 30 ስትሄድ አራት እጥፍ ይሆናል። ማሳያውን (መሪው ላይ ያለውን ስክሪን) ከኮንትሮለሩ ጋር አብረህ ግዛ። ሶኬቱ ቢገጥምም የተለያየ ፋብሪካ ከሆኑ ብዙ ጊዜ አይግባቡም።

3. ባትሪው ላይ የሚታለለው ሰው ብዛት ያሳዝነኛል። ቢኤምኤሱ (ባትሪው ውስጥ ያለው የመከላከያ ሰሌዳ) ሳያቋርጥ የሚሰጠውን አምፔር ጠይቅ፤ ለ20 አምፔር ኮንትሮለር 30 ይሁን፣ አለዚያ ዳገቱ መሃል ያጠፋብሃል። ከዚያ ሚዛን ላይ አውጣው። በ3 አምፔር ሰዓት ሴል የተሠራ እውነተኛ 15 አምፔር ሰዓት 65 ሴል ነው፤ አንዱ ከ45 እስከ 50 ግራም ስለሚመዝን ሴሉ ብቻ 3 ኪሎ ገደማ ይመጣል። ከነቀፎው 2 ኪሎ ከሆነ ተወው። ከአሮጌ ላፕቶፕ የተለቀመ ሴል ደግሞ በነጻም አትውሰድ።

ገጠማው ላይ ቀለም አትመን። ወፍራሞቹ ሦስት ገመዶች የሞተሩ ናቸው፣ ቀጫጭኖቹ አምስቱ የሆል ሴንሰሩ (ሞተሩ የት እንደደረሰ ለኮንትሮለሩ የሚነግረው)። ጎማውን ከመሬት አንሥተህ ጋዙን ቀስ ብለህ ስጥ። ካጉረመረመ ወይም ከተንቀጠቀጠ ወዲያው ልቀቅ፤ የገመዶቹ ቅደም ተከተል ተሳስቷል። ኮንትሮለሩ ሁለት የመማሪያ ገመዶች (ቅደም ተከተሉን ራሱ የሚለይባቸው) ካሉት አገናኛቸው፣ ጎማው ራሱ ይዞራል። ወደ ፊት ከዞረ አላቅቃቸው፤ ወደ ኋላ ከሆነ አላቀህ አንዴ መልሰህ አገናኝ። የባትሪውን ሶኬት ብልጭታ መከላከያ ያለው ኤክስቲ90 አድርግ፤ መጋጠሚያውን በደንብ በስታኞ በይድ እንጂ ጠምዝዘህ በናስትሮ አትጠቅልል። ፖዘቲቩ ላይ ከባትሪው አጠገብ 30 አምፔር ፊውዝ አስገባ።

የፔርኖው (የጎማው መሃል ዘንግ) ነገር ሁሉም የሚዘለው ነው። ጉልበቱ ሲጨምር ፔርኖው መቀመጫውን ፈልቅቆ ይዞራል፣ ገመዱንም ይቆርጠዋል። የብረት መያዣ ክንድ በሁለቱም ጎን እሰር፤ ዳዶዎቹን ከመጀመሪያው 20 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና አጥብቅ።

ቻርጀሩም ይቀየራል፤ 54.6 ቮልት የሚል ይሁን። አዲሱን ቻርጀር አሮጌው ባትሪ ላይ እንዳትሰካ ምልክት አድርግበት። ስትተኛ አትሙላ፣ መውጫ በር ሥርም አታስቀምጠው።

መጀመሪያ ዳገቱን አምስት ደቂቃ ብቻ ወጥተህ ቁም፣ ሞተሩን በመዳፍህ ንካ። እጅህን ማቆየት ካልቻልክ የአምፔሩን ገደብ በማሳያው ቀንስ።