ወንድሜ ጫት እንዲተው መድኃኒት አለ?

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ እንደምን አሉ? ወንድሜ የአይሱዙ ሾፌር ነው። ለሌሊት ጉዞ ብሎ የጀመረው ጫት አሁን የእረፍት ቀኑንም ይዞበታል። ለመተው ሲሞክር ዱካክ (የሌሊት ቅዠት) ያስጨንቀዋል፤ እየጮኸ ይነቃል። ሐኪም ዘንድ ብወስደው «ለጫት መድኃኒት የለውም» አሉን። አገሩ ሁሉ እየቃመ እንዴት አይጠናም?
እህት፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ እህቴ፣ ሐኪሙ እውነቱን ነው የነገረሽ። ለሄሮይን ሱስ ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን የሚባሉ መድኃኒቶች አሉ። ጫት ለማስተው ተብሎ የጸደቀ ኪኒን ግን የለም።

«አይጠናም» ያልሽው ላይ ግን ልሟገትሽ። የሚያነቃቃው ንጥረ ነገር፣ ካቲኖን፣ እ.ኤ.አ. በ1975 ተለይቷል። ቅጠሉ ሲጠወልግ ወደ ደካማው ካቲን ስለሚለወጥ ነው ወንድምሽ ትኩሱን የሚፈልገው። እነ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለም ቡታጅራ ላይ ከ10 ሺህ በላይ ሰው ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት ግማሽ ያህሉ ይቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ የመመረቂያ ጽሑፉ ብዛት! ተማሪው ይቅማል? ሾፌሩስ? ይቅማል፣ ይቅማል። እኔም መጠይቅ ይዤ ዞሬያለሁ። ቆጠራ ቀላል ነው፤ ጠይቀሽ፣ መልሱን ሞልተሽ ትሄጃለሽ።

የሚያንሰን የሚተወውን ሰው ወር፣ ዓመት የሚከተል ጥናት ነው። ዱካኩ በስንት ቀን ይለቃል? ሀራራው መቼ ይመለሳል? ከበርጫ በኋላ ለጨብሲ (ምርቃናውን ለመስበር) የሚጠጣውን ሰው መጠጡን ትተን ጫቱን ብቻ ማስተው ይቻላል? (እኔ አይመስለኝም፤ ግን የኔ ግምት ማስረጃ አይደለም።) ተደብቃ የምትቅመውን ሴትስ የትኛው መጠይቅ ያገኛታል? ውጭ አገር ለኮኬይንና ለመሰል አነቃቂዎች ጥሩ ውጤት ያሳየው፣ ሽንቱ ተመርምሮ ከዕፁ ንጹህ ሆኖ ለተገኘ ሰው ትንሽ ሽልማት መስጠት ነው። እኛ ጋም ለጫት በደንብ ሊፈተን ይገባዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2006 የጫት ሱስ አስያዥነት ዝቅተኛ ነው ብለው ነበር። በዱካክ የሚጮኽ ልጇን ሌሊት የምትቀሰቅስ እናት ይህን ብትሰማ ምን ትል ይሆን?

ለጊዜው የአእምሮ ሕክምና ወዳለበት ውሰጂው። ዱካኩና ድብርቱ ብዙውን ጊዜ እየቀለለ ይሄዳል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንቅልፍ ስለሚጥለው መሪ አይጨብጥ። መጠጥ ካለበት ለሐኪሙ አትደብቂ። መሞትን ካነሳ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይዘሽው ሂጂ።