ጀርባዎ ግድግዳ ሲነካ፦ ስለ ሰፊ ማዕዘን ሌንስ የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ ይድረስ ለፎቶግራፍ አምድ አዘጋጅ። የምኖረው ሐረር፣ በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ በጁገል ውስጥ ሲሆን ሠርግና ልዩ ልዩ ዝግጅቶችን ፎቶ በማንሳት እተዳደራለሁ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ጌይ ጋራቸውን (የሐረሪ ባህላዊ ቤታቸውን) ለእንግዳ ማረፊያነት ያዘጋጁ ቤተሰቦች የቤታቸውን የውስጥ ገጽታ እንዳነሳላቸው ይጠይቁኛል። ያለኝ ካኖን 700ዲ ካሜራ አብሮት ከተሸጠው 18-55 ሚሊ ሜትር ኪት ሌንስ ጋር ነው። ጀርባዬን ከግድግዳ አጣብቄ ባነሳም የቤቱ ግማሽ እንኳ በቅጡ አይገባልኝም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ኤፍ 2.8 ስለሆነ ለጨለማ ቤት እሱ ነው የሚሻለው» እያለ ያገለገለ ቶኪና 11-16 እንድገዛ ያግባባኛል፤ ሌላው ደግሞ በርካሹ ካኖን 10-18 እንድወሰን ይመክረኛል። አቅሜ ውስን ነውና የትኛውን ብይዝ ይበጀኛል?

መልስ፦ ለገለጹልን ሥራ ካኖን 10-18 ይበቃዎታል። እንዲያውም ለቤት ውስጥ ፎቶ ዋጋው ከፍ ካለው ቶኪና የሚመረጥበት ምክንያት አለው። ምክንያቱን ከማስረዳታችን በፊት ግን ከ18 ወደ 10 ሚሊ ሜትር መውረድ ምን ያህል ቦታ እንደሚጨምርልዎ በሜትር እንየው፤ ብዙ ሰው ቁጥሩን ብቻ አይቶ «ስምንት ሚሊ ሜትር ምን ይለውጣል?» ይላልና።

የካሜራዎ ሴንሰር (ምስሉ የሚያርፍበት ክፍል) ወርድ 22.3 ሚሊ ሜትር ነው። ይህንን ቁጥር በሌንሱ ላይ ለተጻፈው ሚሊ ሜትር ሲያካፍሉት፣ ለእያንዳንዱ ሜትር ርቀት ስንት ሜትር ወርድ በፎቶው ውስጥ እንደሚገባ ያገኛሉ፤ በ18 ሲሆን 1.24፣ በ10 ሲሆን 2.23 ይመጣል። ስለዚህ ፊት ለፊትዎ ካለው ግድግዳ ሦስት ሜትር ርቀው ቢቆሙ ኪት ሌንስዎ 3.7 ሜትር ያህሉን ሲያሳይ፣ 10 ሚሊ ሜትሩ ግን 6.7 ሜትር ያህሉን ያሳያል። በጌይ ጋር ውስጥ ይህ ማለት በአንዱ ነደባ (የመቀመጫ መደብ) ላይ ብቻ ያተኮረ ፎቶ በማንሳትና ከፍና ዝቅ ብለው የተደረደሩትን ነደባዎች ከግድግዳው ላይ ጌጦች ጋር አንድ ላይ በማሳየት መካከል ያለው ልዩነት ነው። የቶኪናው 11 ሚሊ ሜትር ደግሞ በዚያው ርቀት 6.1 ሜትር ያህል ያስገባል። ከካኖኑ ቢያንስም ብዙ የሚያስቆጭ አይደለም።

ወደ ኤፍ 2.8 ጉዳይ እንምጣ። ኤፍ የሌንሱን ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ (አፐርቸር) ስፋት ይነግራል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል። ባልደረባዎ የተናገሩት ውሸት አይደለም። የካኖኑ ሌንስ በ10 ሚሊ ሜትር ሲሆን ከኤፍ 4.5 በላይ አይከፈትም፤ ቶኪናው በ2.8 ሲከፈት ከዚያ 2.6 እጥፍ የሚሆን ብርሃን ያስገባል። ይሁን እንጂ ነደባ አይራመድም፣ በግድግዳው ላይ የተሰቀለ ስፌትም አይነቃነቅም። የማይንቀሳቀስ ነገር ሲያነሱ የጎደለውን ብርሃን ሻተሩን (ለብርሃን የሚከፈተውንና የሚዘጋውን መጋረጃ) በማዘግየት ማካካስ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ የሚያስቸግረው የቤቱ ጨለማ ሳይሆን የእጅዎ መንቀጥቀጥ ነው። ካኖን 10-18 የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያስተካክል ማረጋጊያ በውስጡ አለው፤ ቶኪና 11-16 ግን የለውም። የካኖን ኩባንያ ማረጋጊያው እስከ አራት ስቶፕ ያግዛል ይላል፤ እያንዳንዱ ስቶፕ የሻተሩን ጊዜ በእጥፍ ያስረዝማል። ያለ እርዳታ በ1/15 ሴኮንድ አጥርተው የሚያነሱ ሰው በማረጋጊያው እስከ 1 ሴኮንድ ሊዘልቁ ይችላሉ እንደማለት ነው። እኔ የኩባንያ ቁጥር ሳነብ ግማሹን ብቻ የመቁጠር ልማድ ስላለኝ በ1/4 ሴኮንድ ቢተማመኑ ይበቃል እላለሁ፤ ያም ቢሆን ቶኪናው በአፐርቸሩ ከሚያተርፈው ይበልጣል።

በትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ካነሱ ደግሞ ክርክሩ ከነጭራሹ ይቀራል። የቤት ውስጥ ፎቶ ከፊት ካለው ምንጣፍ እስከ ጀርባው ግድግዳ ጥርት ብሎ መታየት ስላለበት በማንኛውም ሌንስ አፐርቸሩን ወደ ኤፍ 8 መዝጋትዎ አይቀርም። በ10 ሚሊ ሜትርና በኤፍ 8 ፎከሱን አንድ ሜትር ያህል በሚርቅ ነገር ላይ ቢያደርጉ ከግማሽ ሜትር ጀምሮ እስከ ሩቁ ድረስ ያለው ሁሉ ይጠራልዎታል። አይ.ኤስ.ኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ ሻተር አንድ ወይም ሁለት ሴኮንድ፣ የመዝጊያው ቁልፍ ሲጫን ካሜራው እንዳይነቃነቅ የሁለት ሴኮንድ ሰዓት ቆጣሪ፤ ከዚህ የተለየ ምሥጢር የለውም። ካሜራው ትራይፖድ ላይ ሲሆን ማረጋጊያውን ያጥፉት። ሌንሱ 240 ግራም ብቻ ስለሚመዝን ቀላልና ርካሽ ትራይፖድም ይሸከመዋል፤ ቶኪናው ከእጥፍ በላይ ይከብዳል። እንግዲህ ለኤፍ 2.8 የከፈሉት ተጨማሪ ገንዘብ ሌንሱ ውስጥ ተቀምጦ ሥራ ፈት ይሆናል ማለት ነው።

ለሠርግ ግን ነገሩ ይለያል። ማረጋጊያ የእርስዎን እጅ እንጂ የሚጨፍረውን ሰው አያቆምም። የማታ ዝግጅት ሲሆን ብርሃን የሚሰበስብ ሌንስ ያስፈልግዎታል፤ ሆኖም ያ ሌንስ ሰፊ ማዕዘን መሆን አለበት ብዬ አላምንም። በ10 ወይም በ11 ሚሊ ሜትር የቤተሰብ ፎቶ ቢያነሱ መሐል ላይ የቆሙት ሙሽሮች ደህና ሲወጡ፣ ዳር የቆሙት አክስት ፊታቸው ወደ ጎን ተለጥጦ እንደ እንቁላል ይሞላላል፤ እርሳቸውም ፎቶውን ባዩ ቁጥር ስምዎን ያነሳሉ። ቡድን ሲያነሱ ወደ 16 ወይም 18 ይምጡ፣ ከዳሩም ትንሽ ባዶ ቦታ ይተዉ። በ10-18ና በቶኪናው መካከል ያለውን የዋጋ ልዩነት ይዘው ካኖን 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ቢገዙበት ለሠርጉ ሥራ የበለጠ ይጠቅምዎታል።

በካሜራው ላይ ያለውን ፍላሽ በዚህ ሌንስ አይጠቀሙበት። የ700ዲ ፍላሽ የሚሸፍነው እስከ 17 ሚሊ ሜትር ያለውን እይታ ብቻ ስለሆነ በ10 ሲያነሱ መሐሉ ነጥቶ አራቱም ማዕዘኖች ይጨልማሉ። ከዚህ ይልቅ ሰዓት ይምረጡ። የጌይ ጋር በር ወደ ግቢው የሚከፈት በመሆኑ በእኩለ ቀን ከበሩ የሚገባው ብርሃን እጅግ ነጭ፣ የውስጡ ደግሞ ጥቁር ይሆናል፤ ፀሐይ ወደ መጥለቂያዋ ስትቃረብ ግን ሁለቱ ይቀራረባሉ፣ በሩም ግድግዳውም በአንድ ፎቶ ላይ ይታያሉ።

በሰፊ ማዕዘን የተነሳን የቤት ፎቶ ከሁሉ በላይ የሚያበላሸው ካሜራውን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ማዘንበል ነው። ጥቂት ዲግሪ ስታዘነብሉት እንኳ ቀጥ ብለው የቆሙ ምሰሶዎችና የበር መቃኖች ወደ ውስጥ ይወድቃሉ። የካሜራውን ስክሪን ከፍተው የፍርግርግ መስመሩን ያብሩ፤ ካሜራውን ከደረትዎ ትንሽ ዝቅ ባለ ከፍታ ላይ አቁመው የበሩ መቃን ከፍርግርጉ መስመር ጋር ትይዩ እስኪሆን ድረስ ያስተካክሉ። ቅርብ የሆነ ነገር ከመጠን በላይ ስለሚገዝፍ ከፊት ያለውን ዕቃ ራቅ ማድረግ፣ ወይም ሆን ብለው እንዲገዝፍ ከፈለጉ መተው የእርስዎ ምርጫ ነው። ሳህንና ስፌት ደግሞ ከፎቶው ጥግ ላይ ሲያርፉ ክብነታቸውን ስለሚያጡ በተቻለ መጠን ወደ መሐል ያምጧቸው።

ስለ ዋጋ፦ ካኖን 10-18 እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ ሲቀርብ ዋጋው 299 ዶላር ነበር። በብር ስንት እንደሆነ አልጽፍም፤ መጽሔቱ ታትሞ እጅዎ እስኪደርስ ይለወጣልና። ያገለገለ ቢያገኙ አይናቁት። ከካሜራው ጋር የሚገጥምበት ቀለበት ፕላስቲክ በመሆኑ አለመሰንጠቁን ይዩ። በተለይ በጅቡቲ በኩል የመጣና በዚያ እርጥበት ውስጥ የከረመ ሌንስ ሻጋታ ይዞ ሊሆን ስለሚችል የስልክዎን መብራት ከኋላ በኩል አብርተው በፊት ለፊቱ መስታወት ይመልከቱ፤ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካዩ መልሰው ያስረክቡ። ቀጥሎም አንድ የድንጋይ ግድግዳ ፊት ለፊት ቀጥ ብለው ቆመው በ10 ሚሊ ሜትርና በኤፍ 5.6 ያንሱና አራቱን ማዕዘኖች አጉልተው ያወዳድሩ። ሐረር ውስጥ ለዚህ የሚሆን ግድግዳ አይቸግርዎትም። ሦስቱ ጠርተው አንዱ ብቻ ከደበዘዘ ሌንሱ ወድቆ መስታወቱ ከቦታው ተንሸራቶ ሊሆን ይችላል።

ገንዘቡ እስኪሟላ ድረስ ደግሞ ባለዎት ሌንስ መሥራት ይችላሉ። ካሜራውን በቁመት (የፎቶው ቁመት ከወርዱ እንዲበልጥ) ይዘው በ18 ሚሊ ሜትር ሦስት ፎቶዎችን፣ አንዱ የሌላውን ሲሶ እየደረበ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እየዞሩ ያንሱ። እነዚህ ሲገጣጠሙ 105 ዲግሪ ያህል ይሸፍናሉ፤ የ10 ሚሊ ሜትሩ እይታ 96 ነው። መግጠሚያውን ሃጂን የተባለው ነፃ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ይሠራልዎታል። ካሜራው በቆመበት መዞር ብቻ እንጂ ከቦታው መነቃነቅ የለበትም፤ ፎከሱና ብርሃኑም በእጅ ተስተካክለው ለሦስቱም አንድ ዓይነት ይሁኑ። ሰው በሌለበት ክፍል ይህ ዘዴ ከማንኛውም ርካሽ ሌንስ የበለጠ ዝርዝር ይሰጣል። ሰው ከገባበት ግን ሁለት ራስ ያለው እንግዳ ሊወጣልዎ ይችላል።

ጥያቄ፦ ከድሬዳዋ ነው የምጽፍላችሁ። ካሜራዬ ኒከን ዲ3200 ሲሆን የከዚራን የቆዩ ሕንፃዎች ማንሳት እወዳለሁ። ኒከን ኤኤፍ-ፒ 10-20 የሚሸጥ ሰው አግኝቼ ስሞክረው በካሜራዬ ላይ በትክክል ገጠመ፤ ፎከስ ግን ፈጽሞ አይሠራም፣ በእጅ ባዞረውም አይለወጥም። ሻጩ ሌንሱ ደህና ነው ብሎ ይምላል። ተበላሽቷል ወይስ አልተበላሸም?

መልስ፦ ሻጩ እውነታቸውን ሳይሆን አይቀርም። ኤኤፍ-ፒ የሚል ጽሑፍ ያላቸው የኒከን ሌንሶች አዲስ ዓይነት የፎከስ ሞተር አላቸው፤ ዲ3200ን ጨምሮ ዲ3100፣ ዲ5100ና ዲ90 የመሳሰሉት ቀደም ያሉ ካሜራዎች ያንን ሞተር ማዘዝ አይችሉም። በእጅ አልዞር ያለዎትም ቀለበቱ ከመስታወቱ ጋር በቀጥታ ስላልተያያዘና ሥራውን የሚሠራው ያው ሞተር ስለሆነ ነው። ዲ3300ና ዲ5300 ሶፍትዌራቸው ሲታደስ፣ ዲ3400ና ዲ5600 ደግሞ እንዳሉ ይቀበሉታል። ካሜራ ለመለወጥ ካላሰቡ በቀር ይህን ሌንስ አይግዙ።

ለእርስዎ የምመክረው ያገለገለ ሲግማ 10-20 ኤፍ 4-5.6 ነው፤ ኤችኤስኤም የተባለው ሞተር በራሱ ውስጥ ስላለ በዲ3200 ላይ በትክክል ፎከስ ያደርጋል። ማረጋጊያ የለውም፣ በቀን ብርሃን ለሚነሳ ሕንፃ ግን አያስፈልግም። ቶኪና 11-16 ካገኙ ሁለተኛው ዕትም መሆኑን ያረጋግጡ፤ የመጀመሪያው በካሜራው ውስጥ ባለ ሞተር የሚሠራ ስለሆነ በእርስዎ ካሜራ ላይ በእጅ ብቻ ነው ፎከስ የሚያደርገው።

ከመግዛትዎ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎ፦ ለከዚራ በእርግጥ ሰፊ ማዕዘን ያስፈልግዎታል? እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ከደረሰ ወዲህ የተቆረቆረው ይህ ሰፈር እንደ ጁገል መተላለፊያ የጠበበ አይደለም፤ ወደ ኋላ መሄጃ ቦታ አለ። ችግሩ ብዙ ጊዜ በመንገዱ ዳር ያሉት ዛፎች ሕንፃውን ስለሚሸፍኑት ከዛፉ ወዲህ ተጠግቶ ማንሳት ግድ መሆኑ ነው። እንዲህ ሲሆን ካሜራውን ወደ ሰገነቱ ቀና አያድርጉት። ካሜራውን በቁመት ይዘው፣ ፍጹም ቀጥ አድርገው፣ በ10 ወይም በ12 ሚሊ ሜትር ያንሱት፤ የፎቶው የታችኛው ሲሶ አስፋልት ብቻ ይሆናል፣ እሱን በኋላ ቆርጠው ይጣሉት። የዲ3200 ሴንሰር 24 ሜጋፒክስል ስለሆነ ሲሶው ቢቆረጥም የቀረው ለትልቅ ህትመት ይበቃል፣ ሕንፃውም ወደ ኋላ ሳይጋደም ቀጥ ብሎ ይቆማል።

የድሬዳዋን አቧራ ለእርስዎ መንገር አይጠበቅብኝም። ሌንስ የሚቀይሩት ቤት ውስጥ ወይም በተዘጋ ባጃጅ... ባጃጅስ አይዘጋምና ቤት ውስጥ ይሁን። በሰፊ ሌንስ ሰማይ ብዙ ቦታ ስለሚይዝ በሴንሰሩ ላይ ያረፈች ቅንጣት ሁሉ በተለይ ከኤፍ 11 በላይ ሲዘጉት ጥቁር ነጥብ ሆና ትታያለች።

ጥያቄ፦ እኔም የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። በኪት ሌንስ ፊት ላይ የሚጠመዘዝ፣ «0.45 ዋይድ» የሚል ጽሑፍ ያለበት መስታወት በጣም በርካሽ ይሸጣል። ይህስ ሰፊ ሌንስ ይተካል?

መልስ፦ አይተካም። በ18 ሚሊ ሜትር ላይ ሲጠመዘዝ እይታውን በእርግጥ ያሰፋዋል፤ ነገር ግን ከመሐል ወጣ ሲሉ ምስሉ ይቀልጣል፣ ማዕዘኖቹም በጥቁር ክብ ይበላሉ። ያንን ለማስወገድ ወደ 24 ገደማ ዙም ሲያደርጉ የተገኘው ስፋት ተመልሶ ይሄዳል። ገዝተውት ከሆነ ግን አይጣሉት። አብዛኞቹ ከኋላ በኩል ተፈትቶ የሚወጣና ማክሮ የሚል ቁራጭ አላቸው፤ እሱን ብቻ በሌንስዎ ፊት አጥብቀው ቀለበት፣ የጆሮ ጌጥ ወይም የቡና ፍሬ ከቅርብ ለማንሳት ሊጠቀሙበት ይችላሉ።