ፍሬውን እንደያዘ ቆሞ የደረቀ ቡና

ከጅማ ዞን ጎማ ወረዳ አንድ ቡና አምራች እንዲህ ብለው ጽፈውልኛል፦ «አምና ሁለት እግር ቡና ደረቀብኝ። ዘንድሮ ስድስት ሆነ። ቅጠሉ ይጠወልግና ፍሬውን እንደያዘ ቆሞ ይደርቃል። ጎረቤቴ በሽታው ጠባዩን ቀይሯል፣ አዲስ ዝርያ ካልተከልክ አይሆንልህም ይለኛል። የሚረጭ መድኃኒት ካለ ቢነግሩኝ። የደረቁትን ቆርጬ ለማገዶ ከቤት ጀርባ ከምሬያቸዋለሁ።»

ወንድሜ፣ ቡናው ስንት ዓመቱ እንደሆነ፣ የደረቁት ተጠጋግተው ይሁን ተራርቀው አልነገሩኝም። ቢሆንም የጻፉት ብዙ ይናገራል። የውኃ እጥረት ቢሆን ማሳውን በሙሉ ያጎሳቁለው ነበር እንጂ እግር እየመረጠ አይገድልም። ፍሬ የሚያጠቁረው የቡና ፍሬ በሽታም አይደለም፤ እሱ ምርቱን ይወስዳል፣ ዛፉን አይገድልም። ፍሬውን እንደያዘ መድረቁና ከሁለት ወደ ስድስት መውጣቱ ወደ አንድ ነገር ይመራኛል፤ ግንዱን ከውስጥ ወደሚዘጋው አጠውላጊ ፈንገስ።

ማረጋገጫው እጅዎ ላይ ነው። ገና ያልሞተ፣ ቅጠሉ በአንድ ወገን ብቻ ቢጫ መሆን የጀመረ እግር ይፈልጉ። ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብለው ቅርፊቱን በቢላ ይላጡት። ጤነኛ ግንድ ከቅርፊቱ ሥር ነጣ ያለ ነው። የታመመው ግን ቡናማ፣ አንዳንዴም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር መስመር ይታይበታል። ያ መስመር ውኃ የሚወጣበት ቧንቧ ነበር፤ ፈንገሱ ገብቶ ደፍኖታል። በምትኩ ከቅርፊቱ ሥር ነጭ ሻጋታ የመሰለ ሽፋን ካገኙ ነገሩ የሥር መበስበስ ነውና መልሰው ይጻፉልኝ።

ስለ መድኃኒቱ ልሸነግልዎት አልፈልግም። ፈንገሱ አንዴ ግንዱ ውስጥ ከገባ በቅጠል ላይ የሚረጭ ምንም ነገር አይደርስበትም። ገንዘብዎን አያውጡ።

በደብዳቤዎ ውስጥ ከሁሉ ያስጨነቀኝ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው፤ ከቤት ጀርባ የተከመረው እንጨት። ዛፉ ሲሞት በሽታው አብሮት የሚሞት ይመስለናል። ነገሩ ተቃራኒው ነው። ይህ ፈንገስ የሚራባው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ያለ ጋብቻ ነው፤ ራሱን እየገለበጠ ቁጥር ስፍር የሌለው ጥቃቅን ዘር ያወጣል። ያ ዘር በዝናብ ፍንጣቂ፣ ከጫማ ጋር በተጣበቀ አፈር፣ በገጀራ ስለት ይጓዛል፤ ልጁም ቁርጥ ወላጁን ነው። ሁለተኛው መንገድ የሚመጣው ዛፉ ከሞተ በኋላ ነው። በግንዱ ሥር በተሰነጠቀው ቅርፊት ውስጥ በርበሬ ፍሬ የማያክሉ፣ ነጥብ የመሰሉ ጥቋቁር እንክብሎች ያብባሉ። ጣትዎን ቢያሳልፉባቸው እንደ አሸዋ ይሻክራሉ። እነዚያ የጋብቻ ቤቶቹ ናቸው። ሁለት የሚጣጣሙ የፈንገሱ ወገኖች እዚያ ከተገናኙ የሁለቱ ባሕርይ ይቀላቀልና ከሁለቱም የተለየ ልጅ ሊወለድ ይችላል። ከእንክብሉ የሚወጣውን ዘር ደግሞ ነፋስም ዝናብም ይወስደዋል።

ጎረቤትዎ «ጠባዩን ቀይሯል» ያሉት እዚህ ላይ ነው የሚነሳው። የእርስዎን ማሳ በተመለከተ አይመስለኝም። ከአገራችን አረቢካ ቡና ላይ የተሰበሰበው ፈንገስ በዘረ መል ሲመረመር እርስ በርሱ እጅግ ተመሳሳይ ሆኖ ነው የተገኘው። በኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ1993 ታይቶ የሮቡስታ ቡናን የጨረሰው የዚሁ ፈንገስ ሌላ ወገን ነው፤ የእነሱ ሮቡስታን፣ የኛው አረቢካን ያጠቃል፤ አንዱ የሌላውን አይነካም። ግን ሁልጊዜ እንዲህ ይቀጥላል ብሎ መተኛት አይቻልም። ይህ ፈንገስ ሙዝና ቲማቲም ከሚያጠወልገው ዘመዱ፣ ፉሳሪየም ኦክሲስፖረም ከሚባለው፣ የዘረ መል ቁራጭ እንደወሰደ የሚያሳዩ የቅርብ ጊዜ ጥናቶች አሉ። ስለዚህ ከሁለት ወደ ስድስት ያደረሰዎት የበሽታው መለወጥ ሳይሆን የመግቢያ በሩ መብዛት ነው እላለሁ፤ በሩ ምን እንደሆነ ከታች እመለስበታለሁ። ነገ እንዲለወጥ ዕድል የሚሰጠው ግን ቆሞ የቀረና የተከመረ የደረቀ ግንድ ነው።

ስለዚህ ከዶማና ከክብሪት በቀር ምንም የማይጠይቀውን ሥራ ይሥሩ። የደረቀውንና በላጩት ጊዜ ጥቁር መስመር ያሳየውን እግር ከነሥሩ ይንቀሉ። ጉቶ አይተዉ፤ ጉንደላ፣ ማለትም ግንዱን ቆርጦ ጉቶው እንዲያቆጠቁጥ መተው፣ እዚህ አይሠራም፣ በሽታው ከታች ነውና። የነቀሉትን ሳይጎትቱ እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ ቆራርጠው ይክተቱ፣ ደረቅ ሣርና ጭራሮ ይጨምሩበት፣ አመድ እስኪሆን ያቃጥሉት። ግንዱን በማሳው መሃል ጎትቶ ማውጣት ዘር እየበተኑ መሄድ ነው። የጥላ ዛፍ ቅርብ ከሆነ እሳቱን አነስ አነስ አድርገው በየተራ ያንድዱ። የበሰለውን ፍሬ መልቀም ይችላሉ፤ ለችግኝ ዘር ግን ከዚያ ዛፍ አንዲት ፍሬ አይውሰዱ። አሁን በጋ ነው፣ እንጨቱ ቶሎ ይነዳል። ዝናቡ ሳይመለስ ይጨርሱት።

ከቤት ጀርባ ያለውን ክምርም በዚህ ሳምንት ምድጃ ይብላው። ለክረምት ብለው አያስቀምጡት፣ ለጎረቤትም አይስጡ፣ ለአጥር አይጠቀሙበት። ጓሮዎም ውስጥ ጥቂት እግር ቡና እንደማይጠፋ እገምታለሁ።

ከዚያ በኋላ በተነቀሉት ዙሪያ ያሉትን እግሮች በየሳምንቱ እየዞሩ ይዩ። በአንድ ወገን የጠወለገ ካለ ቅርንጫፉ ላይ ጨርቅ ይሰሩበት። ሥራ ሲገቡ ከጤነኛው ወገን ይጀምሩ፣ የታመመው ያለበትን መጨረሻ ያድርጉት።

አሁን ደግሞ አንድ ነገር ልቆጣዎት። ከቦታ ቦታ ስዞር ሳላየው የማልቀረው ነገር ነው፤ ምናልባት እርስዎ ጋ የለም ይሆናል፣ ግን እጠረጥራለሁ። ለቀማ ሲቃረብ ማሳው ይጽዳ ተብሎ ገጀራ ይዞ ይገባል። ምንጣሮው በኮንትራት ከሆነ ሠራተኛው ይቸኩላል፣ አረሙንም የቡናውንም እግር አንድ ላይ ይመታል። አንድ ማሳ ውስጥ ተንበርክኬ በደረቁት ቡናዎች ሥር ያለውን ቅጠል ገለጥ ገለጥ አድርጌ ባይ፣ ሁሉም ቁርጭምጭሚት በሚያህል ከፍታ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል የገጀራ ቁስል ነበረባቸው። ጎን ለጎን የቆሙት ያልቆሰሉት ለምለም ናቸው። ይህ ፈንገስ ደህናውን ቅርፊት ሰብሮ ለመግባት ይቸገራል፤ በሩን የምንከፍትለት እኛ ነን። ከታመመው እግር ወደ ጤነኛው የሚያሻግረውም ያው ስለት ነው።

ስለዚህ በእያንዳንዱ እግር ዙሪያ አንድ ክንድ ያህል ገጀራም ማጭድም ዶማም አይግባ። አረሙ በእጅ ይነቀል። ቦታው ላይ ጉዝጓዝ ይልበስ፣ ግንዱን ሳይነካ አራት ጣት ያህል ይራቅ፤ አረሙም ይቀንሳል፣ እርጥበቱም ይቆያል። መጋዝና ገጀራ ከተጠቀሙ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ሲያልፉ ስለቱን በእሳት ነበልባል ይለብልቡት። ለሠራተኛውም ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይህን ይንገሩት፤ ክፍያውም በማሳው ንጽሕና ብቻ ሳይሆን ባልቆሰለው ግንድ ልክ ይሁን።

ዝርያ ስለመቀየር ጎረቤትዎን አመስግኑልኝ፣ አሳቢ ሰው ናቸው። ግን ከጅማ ምርምር ማዕከል የወጡት 74110 እና 74112 የተባሉት የቡና ዝርያዎች የተመረጡት እ.ኤ.አ. በ1971 አገራችን ውስጥ የታየውን የፍሬ በሽታ እንዲቋቋሙ ነው። ያ ሌላ በሽታ ነው፤ ለዚህኛው ዋስትና አይሆኑዎትም። በዚያው ጉድጓድ ወዲያው ችግኝ መትከልም ሌላ እግር መግደል ነው። ሁለት ክረምት ይለፍበት። በዚህ መሃል ለመተኪያ የሚሆነውን ዘር ከማሳዎ ውስጥ በታመሙት መካከል ቆመው ሳይነኩ ከቀሩት፣ ምርታቸውም ከማይጓደል እግሮች ይልቀሙ። የትኞቹ እንደሆኑ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ።