«ፖሊስ ገዳዩን ትቶ እኛን ያመላልሰናል»

ይድረስ ለምክር አምዱ አዘጋጅ፣

ትዕግሥቴ ቢያልቅ ነው የምጽፍልዎት። ታላቅ ወንድሜ ከተገደለ ዓመት አለፈ። ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ በሩ ላይ ነው በስለት የወጉት። እስካሁን የተያዘ ሰው የለም። የሚያናድደኝ ደግሞ ፖሊስ ገዳይ የሚፈልገው እኛው ቤት ውስጥ መሆኑ ነው። መጀመሪያ የሁላችንንም የጣት አሻራ ወሰዱ። ቀጥሎ ምራቅ፤ እናቴ እንኳ አልቀረችም። ከዚያ ስልካችንን። አሁን ደግሞ ያንኑ ጥያቄ እየመላለሱ ይጠይቁናል። ለመጨረሻ ጊዜ መቼ አያችሁት? ከማን ጋር ተጣልቶ ነበር? የነገርናቸውን አይጽፉም እንዴ? እኛ ስንጠይቃቸው ግን መልሱ «ምርመራ ላይ ነው» ብቻ ነው። በምን ዓይነት ስለት እንደተወጋ እንኳ አልነገሩንም።

ማን እንደገደለው እኮ ሁሉም ያውቃል። አብሮት ይነግድ የነበረ ሰው ነው። በገንዘብ ተጣልተው ሰው ፊት «አሳይሃለሁ» ብሎት ነበር። ፖሊስ ጠርቶ አናገረውና ለቀቀው። እሱ ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል፣ እኛ ቃል ለመስጠት እንመላለሳለን።

በተለይ ትንሹ ወንድሜ ያሳዝነኛል። ለብቻው እየጠሩ ያስጨንቁታል። ያን ምሽት ከእኔ ጋር ቤት ነበር ብዬ ነግሬያቸዋለሁ፣ እሱም እንደዚያው ብሏል። እርግጥ አምሽቶ ነው የገባው፤ ነገሩ እንዳይወሳሰብ ብዬ ነው። ሰው ቀና ብሎ የማያይ ልጅ ነው።

እንግዲህ ልጠይቅዎት የፈለግሁት፣ የነጋዴውን ስምና ፎቶ ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ብለቀው ፖሊስ ይነቃ ይሆን? ጓደኞቼ «ልቀቂው» እያሉኝ ነው።

የሟች እህት

እህቴ፣ ነፍስ ይማር።

ፎቶውን አትልቀቂው። ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ። መጀመሪያ ግን እንደ ዋዛ ጣል ያደረግሻት ነገር ላይ እንነጋገር። ወንድምሽ ቤት ሳይኖር «ከእኔ ጋር ነበር» ብለሻል። ታዲያ ፖሊስ ቤታችሁን የሚዞረው ለምን መሰለሽ?

መርማሪ ሥራውን የሚጀምረው የሟችን የመጨረሻ ሰዓታት በመደርደር ነው። ማን ደወለለት፣ የት ታየ፣ በየትኛው ካሜራ ፊት አለፈ። ከዚያ በዙሪያው የነበረ ሰው ሁሉ በዚያ ሰዓት የት እንደነበር ያጣራል። የሚጣራው በቃል ብቻ አይደለም። ስልክ ሲደወልበት ከየትኛው የኔትወርክ ማማ ጋር እንደተገናኘ መዝገብ ላይ ይቀራል። ማማው ቤቱን ለይቶ አያሳይም፣ አካባቢውን ግን ይጠቁማል። የወንድምሽ ስልክ ሌላ አካባቢ ከነበረ መርማሪው ምን ያስብ? የልጁን ጨዋነት የምታውቂው አንቺ ነሽ። እሱ የሚያየው ሁለት ሰዎች ተማክረው የተናገሩትን ውሸት ነው። ነጋዴውን ለማጣራት መዋል የነበረበት ጊዜ ወንድምሽ ላይ እየዋለ ነው፤ ያዋልሽውም አንቺ ነሽ።

ሌላም አለ። ነጋዴው አንድ ቀን ፍርድ ቤት ቢቀርብ ስለ ዛቻው የምትመሰክሪው አንቺ ትሆኛለሽ። የእሱ ጠበቃ የመጀመሪያ ጥያቄው ምን እንደሚሆን ገምቺ።

አሻራውና ምራቁ ያን ያህል አያስቆጣሽ። በሟች ወንድምሽ ቤት ውስጥ የእናንተ አሻራ መኖሩ አይቀርም፤ የእናንተ ካልተለየ የባዕዱ አይታወቅም። ግን ልዋሽሽ አልፈልግም፣ ይጠረጥሯችኋልም። ሥራቸው ነው። የስለቱን ዓይነት የደበቁትም ገዳዩ ብቻ የሚያውቀው ነገር እንዲኖር ነው። «እኔ ነኝ» የሚል ሰው ሲመጣ እውነቱን የሚለዩት በዚያ ነው። ያልገደለ ሰው «ገደልኩ» ይላል እንዴ እንዳትዪኝ። በእንግሊዝ፣ ሌስተርሻየር ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1983 እና በ1986 ሁለት የ15 ዓመት ልጃገረዶች ተገድለው ነበር። አንድ የ17 ዓመት ልጅ አንደኛዋን እንደገደለ አመነ። በሳይንቲስቱ አሌክ ጄፍሪስ የዲኤንኤ ምርመራ ነው ንጹሕ መሆኑ የታወቀው። ያኔ ቴሌግራም ቢኖር የማን ፎቶ ይለቀቅ ነበር?

ፖሊስ ቀጥሎ ከሺዎች ወንዶች ደም ወሰደ። የሚገጥም ጠፋ። ለካ ገዳዩ የሥራ ባልደረባውን ለምኖ በእሱ ስም ደም አሰጥቶ ኖሯል። ባልደረባው ጉዳዩን ሰው ፊት አወራ፣ የሰማ ሰው ለፖሊስ ተናገረ፣ ገዳዩ በ1987 ተያዘ። ባልደረባው ገዳይ አልነበረም። እንዳንቺው ውለታ የዋለ መስሎት ነበር።

ፎቶው ጉዳቱ ይኼ ብቻም አይደለም። ያን ማታ በሩ አጠገብ ሰው ያየ ምስክር ቢገኝ፣ ነጋዴውን ከሌሎች ጋር ተሰልፎ እያየ እንዲለይ ይጠየቃል። ፊቱን ቀድሞ ካንቺ ገጽ ላይ ካየው የዚያ ምስክርነት ዋጋ በእጅጉ ይቀንሳል። ነጋዴው ጥፋተኛ ከሆነ ደግሞ ማምለጫውን ሠራሽለት ማለት ነው።

አሁን የከነከነኝን ልንገርሽ። ወንድምሽ የት እንዳመሸ አልጻፍሽም። ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? ምናልባት የሚያፍርበት ቦታ ነበር። ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው። መልሱን ፈርተሽ ከሆነ ያልጠየቅሽው ይገባኛል፤ አንድ ወንድም ቀብሮ ሌላውን መጠርጠር ከባድ ነው። ግን መርማሪ አትሁኚ፣ ጠበቃውም አትሁኚ። ለሁለታችሁም እውነተኛ ጠበቃ ፈልጊ። የሐሰት ቃል ያስጠይቃል፤ ሳትደረሺበት ራስሽ ማረሙ ግን ተደርሶብሽ ከማመን በእጅጉ ይሻላል። በዚሁ ሳምንት ከጠበቃው ጋር ሄደሽ ቃልሽን አስተካክዪ። ዛቻውን የሰሙትን ሰዎች ስምም ጽፈሽ ስጪያቸው። ያንኑ ጥያቄ እንደገና ቢጠይቁሽ አትቆጪ፣ የምታውቂውን ብቻ መልሺ።